ፈረስ በድንገት ሲያብጥ፦ በመጀመሪያው ቀን ምን ይደረግ?

ማታ ደህና ሆኖ የታሰረ ፈረስ ጠዋት አንድ የኋላ እግሩ ከሰኮናው በላይ እስከ ታፋው አብጦ፣ መሬት መርገጥ አቅቶት ይገኛል። ወይም ትናንት አንገቱ ላይ መርፌ የተወጋ ፈረስ አንገቱ ተወጥሮ፣ ለመጋጥ ጎንበስ ማለት ተስኖት፣ ላብ አጥምቆት ይቆማል። ሁለቱም ላይ የሚታየው እብጠት ነው፤ በሁለቱም ከቆዳ በታች ባለው ሥጋ ውስጥ ባክቴሪያ እየተራባ ነው። የመጀመሪያው ሴሉላይትስ ይባላል። ፈረሱን ለሳምንታት ያሰቃያል፤ አያያዙ ከተበላሸም እግሩን ለዕድሜ ልክ ወፍራም አድርጎ ይተወዋል። ሁለተኛው ክሎስትሪዲየም በሚባሉ ባክቴሪያዎች የሚመጣ የጡንቻ መበስበስ ነው፤ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይገድላል።

ይህን የምጽፈው ለባለጋሪዎች፣ ፈረስ ለሚያረቡና በወረዳ ክሊኒክ ለሚሠሩ ወጣት የእንስሳት ሐኪሞች ነው። በእኔ እምነት በእነዚህ ሕመሞች የሚሞቱት ፈረሶች ብዙዎቹ የሚሞቱት ውድ መድኃኒት ስለጠፋ ብቻ አይደለም። «እስኪ ነገ እንየው» ስለተባለ፣ መድኃኒቱ በሩብ መጠን ስለተሰጠ፣ ወይም በደም ሥር መሰጠት የነበረበት በጡንቻ ስለተወጋ ጭምር ነው። ሦስቱም በእጃችን ያሉ ነገሮች ናቸው።

መጀመሪያ መለካት

ጤነኛ ጎልማሳ ፈረስ እረፍት ላይ ሳለ ሙቀቱ ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ ነው። ልቡ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ጊዜ ይመታል፤ ከ8 እስከ 16 ጊዜ ይተነፍሳል። ቴርሞሜትሩ በፊንጢጣ ሲገባ ጫፉ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብሎ የአንጀቱን ግድግዳ መንካት አለበት፤ ፋንድያ ውስጥ ከተሰካ ሙቀቱን አሳንሶ ያሳያል። የልብ ምቱን ከታችኛው መንጋጋ ሥር በኩል በምታልፈው ደም ቅዳ ላይ ጣት አሳርፋችሁ ለ30 ሰከንድ ቁጠሩና በሁለት አባዙ። ከንፈሩን ገልጣችሁ ድዱን በአውራ ጣት ጫን አድርጋችሁ ልቀቁ፤ ነጣ ያለው ቦታ በ2 ሰከንድ ውስጥ ወደ ቀለሙ መመለስ አለበት። ድዱ ደፍርሶ ከቀላ፣ ወይም ጥርሱ ሥር ወይን ጠጅ መስመር ካለ፣ የባክቴሪያው መርዝ ወደ ደም ገብቷል ማለት ነው፤ ያ ፈረስ ለነገ የሚቀጠር አይደለም።

ቀጥሎ እብጠቱን በእጅ መረዳት ያስፈልጋል። በእጅ ጀርባ ሙቀቱን ከሌላው እግር ጋር አወዳድሩ። በአውራ ጣት ለ10 ሰከንድ ተጫኑት፤ ጉድጓድ ከቀረ ውኃ አዝሏል። ከዚያ ጣቶቻችሁን ዘርግታችሁ በቀስታ ጫን ጫን እያላችሁ ከዳር ወደ ዳር ሂዱ። ከቆዳው ሥር የሚንኮሻኮሽ ነገር ከተሰማችሁ ጋዝ አለ። ከብት ያረባ ሰው ይህን ስሜት ከአባ ጎርባ ያውቀዋል፤ በፈረስ ላይም ባክቴሪያዎቹ የዚያው የአንድ ወገን ናቸው። የእብጠቱን ዳር በማርከር አስምሩበት፤ በእግር ላይ ከሆነ ደግሞ ዙሪያውን በሲባጎ ለክታችሁ ቋጠሮ አድርጉበት። አራት ሰዓታት ቆይታችሁ ስትመለሱ እየሰፋ ነው ወይስ ቆሟል የሚለው ክርክር በዚያ ያልቃል።

እግሩን ከመድኃኒት በፊት አንሡት። ሰኮናው ውስጥ ሚስማር፣ ጠጠር ወይም የተቋጠረ መግል እንዳለ ፈትሹ። የሰኮና መግል እስከ ቁርጭምጭሚት ድረስ ሊያሳብጥና ፈረሱን በሦስት እግር ሊያስቆም ይችላል፤ መፍትሔው ግን ሰኮናውን ከፍቶ ማፍሰስ ነው፣ ምንም ያህል ፔኒሲሊን አይተካውም። ሁለቱ የኋላ እግሮች እኩል ካበጡ፣ ቀዝቃዛና የማያሙ ከሆኑ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፦ ብዙ መቆም፣ የምግብ ጉድለት፣ ትላትል ወይም የልብ ድካም ይታሰብ።

በአገራችን ከዚህ ጋር በጣም የሚምታታ አንድ በሽታ አለ። በተለይ ከባሕር ወለል በላይ ከ1500 እስከ 2300 ሜትር ባሉ ከተሞች፣ ሞጆን፣ ቢሾፍቱንና አዳማን በመሰሉ ቦታዎች፣ የጋሪ ፈረሶችን የሚያጠቃው ኤፒዙቲክ ሊምፋንጃይትስ ነው። በደረት፣ በእግርና በአንገት ላይ ተከታትለው የሚወጡ እባጮች እየፈነዱ ወፍራም መግል ያወጣሉ። የሚያመጣው ፈንገስ ስለሆነ የባክቴሪያ መድኃኒት አይነካውም። ልዩነቱ በፍጥነቱ ነው፤ ያ በሳምንታትና በወራት ይሄዳል፣ ሴሉላይትስ በአንድ ሌሊት ይመጣል። ከቁርጭምጭሚት አካባቢ ጀምሮ አረንጓዴ የሚመስል መግል እያወጣ ወደ ላይ በቁስል የሚወጣ ሌላም አለ፤ እሱ በኮራይኔባክቴሪየም የሚመጣ ነውና በባክቴሪያ መድኃኒት ይታከማል፣ ሕክምናው ግን ረጅም ነው።

ሴሉላይትስ፦ ለምን እንዲህ ያብጣል?

መነሻው ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው። የእግር ማሰሪያ ገመድ የላጠው ቆዳ፣ እሾህ፣ ሽቦ፣ ጭቃ ያቆሰለው የቁርጭምጭሚት ጀርባ፣ ንጹሕ ያልሆነ መርፌ ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ጊዜ ምንም ቁስል ሳይገኝ ይመጣል። በብዛት የሚገኘው ባክቴሪያ ስታፊሎኮከስ አውሪየስ ነው፤ ስትሬፕቶኮከስም አለ፣ ከአንጀት ወገን የሆኑም ይቀላቀላሉ። የፈረስ እግር ከጉልበቱ በታች ጅማትና አጥንት እንጂ ጡንቻ የለውም። ሊምፍ፣ ማለትም ከሥጋ መሐል ተሰብስቦ ወደ ደም የሚመለሰው ውኃ፣ ወደ ላይ የሚወጣው በአብዛኛው ፈረሱ ሲራመድ ነው። ሲያመው መራመድ ይተዋል፤ መራመድ ሲተው ውኃው ይጠራቀማል፤ ውኃው ሲጠራቀም ግፊቱ የቆዳውን ደም ይዘጋል። በዚህ ጊዜ ቆዳው ቢጫ ውኃ ያልባል፣ ይሰነጠቃል፣ ሲብስም እንደ ቅርፊት ተላቆ ይወድቃል። ትኩሳቱ እስከ 40 እና 41 ሊደርስ ይችላል።

እንግዲህ ሕክምናው ባክቴሪያውን መግደል፣ ሕመሙን ማስታገስና ውኃውን ማስወጣት ነው። ሦስቱ አንድ ላይ ካልሄዱ አይሠራም።

ክብደቱን ሳታውቁ መድኃኒት አትቅዱ። ሚዛን ባይኖርም የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። የደረቱን ዙሪያ ከፊት እግሮቹ በስተኋላ፣ ርዝመቱን ደግሞ ከትከሻው ፊተኛ ጫፍ እስከ መቀመጫው አጥንት በሴንቲ ሜትር ለኩ። ዙሪያውን በራሱ አባዙ፣ ያንን በርዝመቱ አባዙ፣ ለ11,880 አካፍሉ። ዙሪያው 142፣ ርዝመቱ 130 የሆነ የጋሪ ፈረስ 220 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ከዚህ በታች ያሉት ስሌቶች ሁሉ ለዚህ ፈረስ ናቸው።

ለፈረስ የፔኒሲሊን መጠን በኪሎ 22,000 ዩኒት ነው፤ ለ220 ኪሎ 4.84 ሚሊዮን ዩኒት ይሆናል። ፕሮኬይን ፔኒሲሊን ከሆነ ይህ መጠን በየ12 ሰዓቱ በጡንቻ ይሰጣል። አሁን በየፋርማሲው ያለውን ፔንስትሬፕ ተመልከቱ። በአንድ ሲሲ 200,000 ዩኒት ፔኒሲሊን ያለው ዓይነት በብዛት በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው በቀን አንድ ጊዜ ለ20 ወይም ለ25 ኪሎ 1 ሲሲ የሚል ነው። ለፈረሳችን 11 ሲሲ ሰጠን እንበል፤ 2.2 ሚሊዮን ነው። በቀን የሚያስፈልገው ግን 9.68 ሚሊዮን ነበር። ከሩብ በታች ሰጥተናል ማለት ነው። ታዲያ የፔንስትሬፑን መጠን ከፍ ማድረግ መልስ አይሆንም፤ አብሮት ያለው ስትሬፕቶማይሲን አብሮ ስለሚጨምር ኩላሊትና ጆሮ ይጎዳል። መልሱ ብቻውን የተዘጋጀ ፕሮኬይን ፔኒሲሊን ነው፤ በሲሲ 300,000 ዩኒት ያለው ከተገኘ 16 ሲሲ፣ ለሁለት ቦታ ተከፍሎ። ወይም ለሰው የሚሸጠው ክሪስታላይን ፔኒሲሊን ነው፤ ባለ 1 ሚሊዮኑን 5 ብልቃጥ በተጣራ ውኃ አሟሙቶ በየ6 ሰዓቱ በደም ሥር በቀስታ መስጠት። በቀን 20 ብልቃጥ ይፈጃል። ብዙ ይመስላል፣ ግን ልኩ ይህ ነው።

ፕሮኬይን ፔኒሲሊን በምንም ዓይነት በደም ሥር አይሰጥም። ፕሮኬይኑ ወደ አንጎል ሲደርስ ፈረሱ ያብዳል፣ ይወድቃል፣ ሊሞትም ይችላል፤ አጠገቡ ያለውንም ሰው ይሰብራል። ስለዚህ መርፌው ከገባ በኋላ ወደ ኋላ ሳብ አድርጎ ደም አለመምጣቱን ማየት ግዴታ ነው። ጠርሙሱ ፀሐይ ላይ ወይም ሞቃት መደርደሪያ ላይ ከዋለ ነፃ ፕሮኬይን ስለሚበዛበት አደጋው ይጨምራል። ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ።

ለሴሉላይትስ ፔኒሲሊን ብቻውን አይበቃም፤ ስታፊሎኮከስ ብዙ ጊዜ ፔኒሲሊንን የሚያፈርስ ኬሚካል አለው። ስለዚህ ከጀንታማይሲን ጋር ይጣመራል፤ በኪሎ 6.6 ሚሊ ግራም፣ በቀን አንድ ጊዜ፣ በደም ሥር። ለፈረሳችን 1450 ሚሊ ግራም ገደማ ነው፤ 10 በመቶው ከሆነ 14.5 ሲሲ። ሁለቱ በአንድ ሲሪንጅ አይቀላቀሉም፣ እርስ በርስ ይበላሻሉ። ውኃ የጠማውና ድዱ የደረቀ ፈረስ ደግሞ ቅድሚያ ውኃ እንጂ ጀንታማይሲን አይወስድም፤ ኩላሊቱን ይጨርሰዋል።

ኦክሲቴትራሳይክሊን በየገበያው ስላለ አንድ ነገር ልበል። በኪሎ 6.6 ሚሊ ግራም ለሴሉላይትስ ጠቃሚ መድኃኒት ነው፣ ግን ለፈረስ በጡንቻ አይወጋም፤ በተለይ ባለ 20 በመቶው ለረጅም ጊዜ የሚሠራው። ጡንቻውን ያቃጥለዋል፤ የሞተ ጡንቻ ደግሞ ቀጥሎ ለምናየው በሽታ የተዘጋጀ ቤት ነው። በደም ሥር መሰጠት የሚችል መሆኑን ጽሑፉን አንብባችሁ ካረጋገጣችሁ፣ 14.5 ሲሲ የ10 በመቶውን ግማሽ ሊትር ሳላይን ውስጥ ጨምራችሁ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በሚፈጅ ፍጥነት ስጡ። በአንድ ጊዜ ከተገፋ ፈረሱ እዚያው ይወድቃል። ሰልፋ ያላቸው በአፍ የሚሰጡ መድኃኒቶች መግልና የሞተ ሥጋ ባለበት ቦታ አቅማቸውን ስለሚያጡ ለኋለኛው ጊዜ ይቆዩ እንጂ ለመጀመሪያው ቀን አይሆኑም።

የሕመም ማስታገሻ ቅንጦት አይደለም። ሕመሙ ካልቀለለ አይራመድም፣ ካልተራመደ እብጠቱ አይወርድም። ፍሉኒክሲን በኪሎ 1.1 ሚሊ ግራም በየ12 ሰዓቱ፤ ባለ 50 ሚሊ ግራሙ ለፈረሳችን 5 ሲሲ አይሞላም፤ በደም ሥር። ወይም ፊኒልቡታዞን በአፍ፣ የመጀመሪያው ቀን በኪሎ 4.4 ሚሊ ግራም በየ12 ሰዓቱ፣ ከዚያ በግማሽ። ሁለቱን አንድ ላይ አትስጡ፤ ጨጓራና ኩላሊት ያቆስላሉ።

ቀዝቃዛ ውኃ ከመድኃኒቱ እኩል ዋጋ አለው፣ የሚንቀው ሰው ግን ብዙ ነው። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ፣ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ፣ ለመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት። የውኃ ጎማ ከሌለ ጆንያ ነክሮ እግሩ ላይ ጠቅልሎ ደጋግሞ ማርጠብ ይቻላል። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ አድርቁት፤ እርጥብ ሆኖ የሚያድር ቆዳ ይላቀቃል። ከሰኮናው ጀምሮ ወደ ላይ ወፍራም ጥጥ ተደርጎበት በተለጠጠ ፋሻ እኩል ይጠቀለል፤ በቀን አንድ ጊዜ ይፈታ። ጥጥ ሳይኖር በፋሻ ብቻ ወይም በገመድ አጥብቆ ማሰር ጅማቱን ይቆርጣል። የቆሰለው ቆዳ በጨው ውኃ ይታጠብ፦ 1 ሊትር ፈልቶ የበረደ ውኃ፣ 9 ግራም ጨው፣ ይኸውም አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ያህል። ፖቪዶን አዮዲን ካለ የ10 በመቶውን 10 ሲሲ በ1 ሊትር፤ ቀጭን ሻይ መምሰል አለበት። ሳይበረዝ የሚፈስ አዮዲን ጤነኛውን ሥጋ ያቃጥላል።

እብጠቱን በብረት መተኮስ፣ መብጣት፣ የተቃጠለ ዘይት መቀባት ይቅር። ይህን የምለው ባህልን ለመናቅ አይደለም። ደሙ የታፈነበት ቆዳ ላይ አዲስ ቁስል መክፈት ለባክቴሪያው ተጨማሪ በር መክፈት ስለሆነ ነው።

ትኩሳቱ ወርዶ እግሩን መርገጥ ሲጀምር በእጅ እየሳባችሁ 10 ደቂቃ፣ በቀን 4 ወይም 5 ጊዜ አራምዱት። ከጋሪው ግን ይራቅ። መድኃኒቱ እብጠቱ ስለቀነሰ ብቻ አይቆምም። ሙቀቱ ተስተካክሎ፣ ሲጫኑት ማመሙን ከተወ በኋላም አንድ ሳምንት ያህል ይቀጥላል፤ ብዙ ጊዜ በጠቅላላው ከሁለት ሳምንት አያንስም።

የሚበላሸው የት ነው? በጣም የምፈራው ጤነኛውን እግር ነው። ፈረሱ ሸክሙን ሁሉ በአንድ እግር ላይ ሲጥል የዚያ ሰኮና ውስጠኛ ሽፋን ደም ያጣና ላሚናይትስ ይነሣል። የታመመው እግር ድኖ ፈረሱ በደህናው እግር ምክንያት ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ወፍራም የጭድ ወይም የአሸዋ ንጣፍ ይኑረው፤ የጤነኛው ሰኮና ሹካ፣ ማለትም ከሥሩ ያለው ሦስት ማዕዘን ለስላሳ ክፍል፣ በተጠቀለለ ጨርቅ ይደገፍ፤ ጠዋትና ማታ ሰኮናው ሞቆ እንደሆነ፣ ከቁርጭምጭሚቱ ጀርባ ያለው ምት አይሎ እንደሆነ ይታይ። ሁለተኛው ምልክት እብጠቱ ወርዶ ማነከሱ ያልቀነሰ ፈረስ ነው፤ ኢንፌክሽኑ ወደ መገጣጠሚያ ወይም ወደ አጥንት ሄዷል፣ መድኃኒቱን በማብዛት ብቻ አይመለስም። አንድ ጊዜ ክፉኛ የያዘው እግር የሊምፍ መሥመሩ ስለሚበላሽ ደግሞ መያዙ የተለመደ ነው፤ ለዚህ ፈረስ የቁርጭምጭሚቱ ትንሽ ጭረት ሁሉ በዚያው ቀን መታጠብ አለበት።

ከመርፌ በኋላ የሚመጣው

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ፣ ሴፕቲከም፣ ሾቪየይ እና ሌሎችም በአፈርና በፋንድያ ውስጥ በስፖር መልክ፣ ማለትም ጠንካራ ሽፋን ለብሰው ተኝተው፣ ይኖራሉ። በጤነኛ ፈረስ ጡንቻ ውስጥም ተኝተው ሊገኙ ይችላሉ። አየር ባለበት ሥጋ አይራቡም። ጡንቻን የሚያቃጥል መድኃኒት ሲወጋ ግን ትንሽ ቦታ ይሞታል፣ ደሙና ኦክስጅኑ ይቋረጣል፣ ስፖሩም ይነቃል። ከዚያ የሚያመነጨው መርዝ የሴሎችን ሽፋን እያፈረሰ፣ ደም ሥሮችን እየዘጋ፣ ራሱ ለራሱ ኦክስጅን የሌለበት ሥጋ ይፈጥራል። የሚስፋፋው በሰዓታት የሆነው ለዚህ ነው።

በዚህ ስሙ በጣም የሚነሣው ፍሉኒክሲን ነው። በደም ሥር ሲሰጥ ግሩም የሆነው ይኸው መድኃኒት በፈረስ ጡንቻ ሲወጋ አደገኛ ነው። ሌሎች የሕመምና የትኩሳት መርፌዎች፣ ቫይታሚን ቢ፣ በመርፌ የሚሰጥ አይቨርሜክቲን፣ ክትባትም ሳይቀር ምክንያት ሆነው ተመዝግበዋል። ፕሮኬይን ፔኒሲሊን ራሱ ክሎስትሪዲየምን ስለሚገድል ከእነዚህ ያነሰ አደጋ አለው።

ምልክቱ ብዙውን ጊዜ መርፌ ከተወጋ ከ6 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ይመጣል። መጀመሪያ ቦታው ይሞቃል፣ ያብጣል፣ ሲነኩት በጣም ያመዋል። ቀጥሎ ቆዳው መሐሉ ላይ ይቀዘቅዛል፣ እንደ ደረቅ ቆዳ ይጠነክራል፣ ስሜት ያጣል፣ ከሥሩ ይንኮሻኮሻል። እዚህ ላይ ባለቤቱ «ሕመሙ ለቀቀው» ብሎ ይሳሳታል። ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ ሥጋውና ነርቩ ሞቷል። የልብ ምቱ 80 እና ከዚያ በላይ ሲሆን፣ ድዱ ሲጠቁር፣ ፈረሱ ሲያንቀጠቅጠው ጊዜው እያለቀ ነው። ያለመንኮሻኮሽም ሊመጣ ስለሚችል ጋዙን አትጠብቁ።

ሐኪሙ ከእብጠቱ ውስጥ በሲሪንጅ ፈሳሽ ቀድቶ በስላይድ ላይ ግራም የሚባለውን ቀለም ቢቀባው፣ ወፍራም ዘንግ የሚመስሉ ወይን ጠጅ ባክቴሪያዎችን በወረዳ ክሊኒክ ማይክሮስኮፕም ማየት ይቻላል። የቀረው ፈሳሽ አየር ሳይገባበት በሲሪንጁ እንዳለ ተዘግቶ በዚያው ቀን ወደ ላቦራቶሪ ይሂድ፤ ሕክምናው ግን ውጤቱን አይጠብቅም።

ሕክምናው ክሪስታላይን ፔኒሲሊን በደም ሥር ነው፣ በኪሎ እስከ 44,000 ዩኒት፣ ፈረሱ እስኪረጋጋ በየ2 እስከ 4 ሰዓቱ። ለፈረሳችን በአንድ ጊዜ ወደ 10 ብልቃጥ ይጠጋል። ይህን ያህል ካልተገኘ 5 ብልቃጥ በየ4 ሰዓቱ ይሰጥ እንጂ «በቂ የለም» ተብሎ አይተው። የፖታስየም ጨው የሆነው ዓይነት በፍጥነት ከተገፋ ልብ ያቆማል፤ በደቂቃዎች ይሰጥ። ሜትሮኒዳዞል በአፍ በኪሎ 20 ሚሊ ግራም በየ8 ሰዓቱ ይጨመራል፤ ባለ 250ው ታብሌት 18 ፍሬ ተፈጭቶ በውኃ። የምግብ ፍላጎት ሊዘጋ ይችላል። ጀንታማይሲን እዚህ ላይ ዋና መድኃኒት አይደለም፤ ኦክስጅን በሌለበት ሥጋ አይሠራም። የደም ሥር ፈሳሽ ያስፈልገዋል፤ ጤነኛ ሆኖ ቢቆም እንኳ ይህ ፈረስ በቀን 11 ሊትር ይፈልጋል፣ በመርዝ የተመታው ደግሞ ከዚያ በላይ። በደም ሥር ካልተቻለና አንጀቱ እየሠራ ከሆነ በአፍንጫ ቱቦ በአንድ ጊዜ ከ3 እስከ 4 ሊትር ይሰጠዋል።

መድኃኒት ግን ደም ወደማይደርስበት ሥጋ አይደርስም። ስለዚህ ቢላዋ ያስፈልጋል። በዛይላዚን አደንዝዞ፣ ፀጉሩን ላጭቶ፣ በእብጠቱ ላይ ከላይ ወደ ታች ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር የሚረዝሙ፣ እርስ በርሳቸው የሚራራቁ በርካታ መሥመሮች መክፈት ነው። ቆዳው ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ያለው ጠንካራ ሽፋንና ጡንቻው ራሱ መከፈት አለበት። ጥቁር፣ የሚሸት፣ ሲቆረጥ የማይደማ ሥጋ ሙት ነው፤ የሚደማው ዘንድ ሲደርስ ይቆማል። የሞተው ቆዳ ስሜት ስለሌለው ብዙ ጊዜ ፈረሱ ብዙም አይታገልም። በአንገት ላይ ዋናው ደም ሥርና ደም ቅዳ የት እንደሚያልፍ በትክክል የማያውቅ እጅ ይህን አይሞክር። ቁስሉ በክር አይሰፋም፤ አየር እንዲገባበት ክፍት ይተዋል፣ በቀን ሁለት ጊዜ በጨው ውኃ ይታጠባል፣ ከዝንብ ይጠበቃል። ሲያዩት ያስደነግጣል። የፈረስ ሥጋ ግን የመሙላት ችሎታው ትልቅ ነው፤ በሳምንታትና በወራት ጠባሳ ብቻ ትቶ ይዘጋል።

ይህ ጥረት ከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ፣ በአሜሪካ 37 ፈረሶችን የመረመረ ጥናት በእንዲህ ዓይነት ጠንካራ ሕክምና 73 በመቶው መዳናቸውን አሳይቷል። በሆስፒታል የታከሙ ናቸውና የኛን ሁኔታ በቀጥታ አይወክሉም፤ ግን በሽታው የሞት ፍርድ እንዳልሆነ ያረጋግጣሉ።

መርፌ ስትወጉ

ለመከላከል ዋናው ነገር ጡንቻን የሚያቃጥለውን መድኃኒት በጡንቻ አለመውጋት ነው። በደም ሥር ወይም በአፍ መስጠት ከተቻለ ያ ይቅደም። ቆዳውን በአልኮል መጥረግ ጥሩ ነው፣ ስፖርን ግን አይገድልም፤ ስለዚህ «ንጹሕ አድርጌ ወግቻለሁ» የሚለው ዋስትና አይሆንም። የግድ በጡንቻ ከሆነ ቦታው የአንገት ሦስት ማዕዘን ነው፦ ከጋማው ሥር ካለው ጅማት በታች፣ ከአንገት አጥንት በላይ፣ ከትከሻው ፊት አንድ መዳፍ ገባ ብሎ። ወይም የታፋው ጀርባ፤ ቢመግል እንኳ ወደ ታች ይፈስሳል። የዳሌ አናት ላይ የተወጋ መርፌ ቢመግል መውጫ የለውም፤ መግሉ ወደ ውስጥ ይወርዳል። ባለ 18 ጌጅ፣ 4 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ አዲስ መርፌ ለእያንዳንዱ ፈረስ፤ በአንድ ቦታ ከ10 ሲሲ አይበልጥ፤ ቀጣዩ መርፌ በሌላ ወገን። የወጋችሁትን ፈረስ ለሦስት ቀናት ጠዋትና ማታ ቦታውን ዳስሱት።

ቁስል ያለው ፈረስ ሁሉ ከመንጋጋ ቆልፍም መጠበቅ አለበት፤ ክትባት ወይም ፀረ መርዙ ካለ በዚያው ቀን ይሰጠው። አህያና በቅሎም በእነዚህ በሽታዎች ይያዛሉ፤ ሕመማቸውን ስለሚደብቁ እብጠቱ በትንሹ የታየ አህያ ውስጡ የባሰ ሊሆን ይችላል።

አንድ የመጨረሻ ጉዳይ አለ፣ እሱም የሰው ሕይወት ነው። ጉሮሮው፣ ደረቱ ወይም ሆዱ ሥር በድንገት ያበጠ፣ በብርቱ ትኩሳት የሞተ ፈረስ መርፌ የተወጋበት ታሪክ ከሌለው አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል። ሥጋው ለውሻና ለጅብ አይጣል፣ ቆዳው አይገፈፍ፣ ለምርመራም አይከፈት። በጓንት ከጆሮው ደም ሥር ትንሽ ደም ተቀድቶ ስላይድ ይሠራና ለወረዳው የእንስሳት ጤና ጽሕፈት ቤት ይነገር። እስከዚያ በድኑ በእሾህ ይታጠር፤ ከተረጋገጠ እዚያው ይቃጠላል፣ ወይም ሁለት ሜትር በሚጠልቅ ጉድጓድ ይቀበራል። በድኑን የነካ ሰው እጁ ላይ የማያም፣ መሐሉ የጠቆረ ቁስል ካወጣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሄዶ የሞተ ፈረስ እንደነካ ለሐኪሙ ይንገር።